የወንድሜ ያልሆነው ሙሾ

ወንድሜ ፈንታ ሲሞት ሙሾ ገጠምኩለት። ሙሾው ሸጋ ነበር። የሰማው ሁሉ ወደደው፤ ደረቱን የመታ አለ፣ ስንኙን በቃሉ ይዞ የሄደ አለ። ማንን እንደማለቅስ ያላወቀችው እናቴ ብቻ ናት። አንባቢዬ፣ ብዙ ሰው መጻፍ የጀመረበትን ቀን ይነግርሃል። እኔ የምነግርህ የጻፍኩትን መሰረዝ የጀመርኩበትን ቀን ነው፤ ደስ የሚል ቀን አይደለም።

ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ደንቢያ ነው፣ ከኮላ ድባ ወርደው በእግር የሚደርሱበት መንደር። እኔ ግን ጎንደር፣ ቀሐ አጠገብ፣ አንዲት ዘመዳችን ቤት ተጠግቼ እማር ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፤ አፌም አያርፍም። ግጥም የምጽፈውም እንደማወራው ነበር። ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፣ ብድግ ብዬ አነባለሁ፤ በመካከል ምንም የለም። የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ ቀን «ትርንጎ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ተመለሽበት» ቢሉኝ፣ «ምኑ ላይ ልመለስ መምህር? አልቋል እኮ!» ብዬ ክፍሉን በሳቅ ሞላሁት። እሳቸውም ሳቁ። በወላጆች በዓል መድረክ ላይ ስወጣ ይጨበጨብልኛል፤ ሲጨበጨብልኝ ደግሞ ግጥሙ በእርግጥ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

ፈንታ ታላቄ ነው። ከእሱ በፊት የተወለደው ልጅ በሕፃንነቱ ስለሞተ እናቴ በእሱ ምትክ የተሰጠኝ ነው ብላ ፈንታ አለችው። አባታችን ካረፈ በኋላ ትንሽ ጊዜ አረሰ፤ ኋላ ግን እርሻው አላዋጣው ሲል ትቶ አሥመራ የሚመላለስ የጭነት ማኪና ላይ ረዳት ሆነ። ጎንደር ሲያድሩ ትምህርት ቤቴ በር ላይ ይጠብቀኛል። ሳላየው በጠረኑ አውቀዋለሁ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

«ተማሪዋ! ዛሬስ ማንን ሰደብሽ?»

«ገና ነኝ። አንተን ስጠብቅ ነው።»

ጫማዬን የሚገዛልኝ እሱ ነው፤ ደብተሬንም እሱ። ግጥሜን ግን አንብቤለት አላውቅም። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ «አይገባውም» እላችሁ ነበር።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ ዝናቡ ገና ጠቅልሎ ሳይወጣ፣ የአባቴ ወንድም አያ ቢተው ከደንቢያ ድረስ መጣ። በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ጠራኝ።

«እናትሽን ትንሽ አሟታል። እንሂድ።»

«ምኗን?»

«ራስ ምታት መሰለኝ። ነይ ዝም ብለሽ።»

ለራስ ምታት ማንም ከደንቢያ ጎንደር አይመጣም። አውቶቡስ ውስጥ ስጠይቀው መስኮት መስኮቱን ያያል። ኮላ ድባ ወርደን የእግሩን መንገድ ስንጀምር ዋልካው ጭቃ ጫማዬን ይዞ አለቅም አለ፤ አውልቄ በእጄ ያዝኩት። አያ ቢተው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ስንሄድ፣ ፊቱን ሳያዞር ነገረኝ።

«ሊማሊሞ ላይ ማኪናዋ ገደል ገባች፤ ፈንታ አልተረፈም። ሬሳውን ማምጣት ስላልተቻለ ደባርቅ ቀበሩት።»

ቆምኩ። እሱ ግን አልቆመም። ስለዚህ መከተል ነበረብኝ። ሰው መርዶ ተረድቶ ጭቃ ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም፤ አንደኛውን እግሬን ስነቅል ሌላው ይሰምጣል፣ እንባዬን ልጠርግ ስል ጫማው ከእጄ ይወድቃል።

«ለእማስ ተነገራት?» አልኩት በስንት ጊዜ።

«ተነግሯታል። አልሰማችም እንጂ።»

«እንዴት አልሰማችም?»

«ሽማግሌ ሆነን በማለዳ ሄድን። የሚባለውን ሁሉ አልን። ስንጨርስ ‹ግቡና እህል ቅመሱ› አለችን። የሞተው ሌላ ነው፤ በዚያ መንገድ ስንት ረዳት አለ አለች። ከዚያ ወዲያ አንዲት እንባ ከዓይኗ አልወጣችም።» እዚህ ላይ ዞሮ አየኝ። «የእናቷ እኅት ጊዜም እንዲሁ ነበር። ልጇን አላለቀሰችም፤ መንገድ ለመንገድ ስትጠብቀው ኖረች። በመጨረሻ ከቤት ወጥታ የት እንደገባች ሳይታወቅ ቀረች። ነገ ለቅሶው ነው። ነገ በወገን መሀል ካላለቀሰች እናትሽም እዚያው መንገድ ላይ ናት። አንቺ ተምረሻል፣ ግጥም ያዥ ነሽ ይላሉ። አስለቅሻት።»

ቀሪውን መንገድ ሙሾ ስገጥም ሄድኩ። የማፍርበትን እንኳ ልንገራችሁ፦ እግሬ ጭቃ ውስጥ እየሰጠመ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ «ፀሐይ» ከ«ወይ» ጋር ሲገጥምልኝ ደስ አለኝ።

ቤት ስንደርስ እማ ደጅ ላይ ምስር ታበጥራለች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ነጠላዋን እንደወትሮው ነው የለበሰችው።

«ምነው በትምህርት ቀን?» አለችኝ።

«ናፍቀሽኝ።»

«ውሸታም። ቢተው ነው ያመጣሽ። የሰው ሐዘን ተሸክሞ ቤቴ ይመላለሳል፤ የሚሠራው ጠፍቶት።» አያ ቢተው ቆሞ እየሰማ ነው እንዲህ የምትለው።

ከጎተራው እግር ውሻችን ታስሮ ያላዝናል። ገመዱ አጭር ነው፤ አንገቱ ተልጧል። ውሻችንን ቀን ማሰር የምናውቀው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ፈንታ ልጅ ሳለ ጭኑን ውሻ ነክሶት ታሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገደል አፋፍ ላይ ተንጋሎ ጎማ የሚፈታ ሰው ውሻ ሲያይ ወደ ኋላ ይላል። ከመንገድ ሲመጣ አይገባም፤ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ «እማ! ውሻሽን ያዢው!» ብሎ ይጣራል። በቤት ውስጥ እንስቅበታለን። ውጭ ግን፣ ወንዶች ባሉበት፣ አይነሣም። ጎልማሳ ሰው ውሻ ፈራ ማለት ነውር ነው።

«ምን አድርጎ ነው የታሰረው?» አልኳት።

«ምናልባት ፈንታ ቢመጣስ? ይኼ ዝናብ ጣራው ላይ ሲወርድ ጥሪውን ላልሰማ እችላለሁ።» አለችና ምስሯን ማበጠር ቀጠለች።

በማግስቱ ጧት የለቅሶው ሜዳ ላይ አንድ አልጋ ወጣ። ሬሳ ስለሌለ የፈንታ ልብስ ተዘረጋበት፦ ከአደጋው የተረፈው ሾፌር የላከው ካኪ ጃኬትና አንድ ሱሪ። አልጋው ላይ ሲታይ ከምንም ያነሰ ነገር ነው። አያ ቢተውም ያነሰ መሰለው መሰለኝ፣ ቶሎ ብሎ የጎረቤታችንን ፈረስ አስመጣ፤ ቀይ ግላስ አለበሰው። ከጭቃ ሹሙ ደግሞ ጠመንጃ ተውሶ አልጋው ራስጌ አቆመ።

«አያ ቢተው፣ ፈንታ እኮ ፈረስ አልነበረውም» አልኩት።

«ዝም በይ። ወንድ ልጅ ባዶ አልጋ ላይ አይለቀስለትም።»

«ጠመንጃስ ቢሆን መቼ ያዘና…»

«ትርንጎ! ጎንደር አይደለሽም።»

እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተከራከርኩትም። ፈረሱም ጠመንጃውም ለግጥሜ ይስማሙ ነበር።

ሴቶቹ ክብ ሠሩ፤ እማን መሀል አስቀመጧት። ለቅሶውን የምትመራው እቴ ማንጠግቦሽ ናት፣ በዚያ አገር ያለ እሷ ሙሾ የሚወርድለት ሰው የለም። ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ ከሩቅ ይጠራል። እሷ ጥቂት ካለች በኋላ «እስቲ እኅቱ» ብላ ቦታውን ለቀቀችልኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አስሬ ገባሁ።

ሲቆጣ ነጎድጓድ፣ ሲስቅ የጧት ፀሐይ፣
እንዲህ ያለው ጀግና አፈር ገባ ወይ።

ፈረሱን አምጡለት ከነወርቅ ኮርቻው፣
ማን ያነግብለት ጦሩን ከነጋሻው።

ክቡ ተቀበለኝ። ሴቶቹ ዋይ አሉ። ከወንዶቹ ወገን አንዱ ሽማግሌ ዱላውን ተደግፎ ትከሻው ሲርገበገብ አየሁ። ፈረሱ ተነድቶ አልፎ ሲሄድ እኔ «ከነወርቅ ኮርቻው» ስል ገጠመ። አንባቢዬ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። መድረክ ላይ የሚሰማኝ ነገር ነው የተሰማኝ። ሌላ ጨመርኩ።

ሊማሊሞ ገደል፣ አፍህን የከፈትህ፣
ይህን የመሰለ ጎበዝ እንዴት ዋጥህ።

ደብተሬን ጥዬ መጣሁ፣ ሳነባ በመንገድ፣
ወንድሜን አጥቼ ወዴት ብዬ ልሂድ።

ኡኡታው ሲበረታ እማን አየኋት። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ያለው የምታዝን ሴት ፊት ሳይሆን የሰው ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ሴት ፊት ነው። ወደ ጎን ዞር ብላ አጠገቧ የተቀመጠችውን ጎረቤት ጠየቀቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፣ እኔም ሰማሁ።

«ማንን ነው የምትለው?»

ጎረቤታችን አፏን በነጠላ ሸፈነች።

«አላወቅሽውም?» አለች እማ። «ፈረሱ የጎረቤት ነው። ጠመንጃው የጭቃ ሹሙ ነው። የሚባለውም ልጅ ጀግና ነው፣ ጦርና ጋሻ አለው ይባላል። የኔ ልጅ የጎማ ቁልፍና ክሪክ ነው ያለው። አላልኳችሁም?» ከዚያ አልጋውን ስታይ ቆይታ፣ ራሷን ነቀነቀች። «እኔን የሚያሳዝነኝ የእናቱ ነገር ነው። የት አገር ትሆን?»

 ግጥሜ ልትቀበለው የሚገባትን መርዶ ከእጇ ነጥቆ ወሰደው። ሽማግሌዎቹ ያላስጣሏትን፣ እሷ ራሷ በጥርጣሬ የያዘችውን ነገር፣ እኔ በግጥም አረጋገጥኩላት፦ የሞተው ሌላ ነው።

ከሌላ ደብር ለቅሶ ደራሽ እየመጣ ስለነበር ክቡ ፈታ አለ፤ ሰዉ ውሃ ሊጎነጭ ጥላ ፈለገ። እቴ ማንጠግቦሽ ላቧን እየጠረገች መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ ልጅ! ይኼን የት ተማርሽው? ሸጋ፣ ሸጋ ሙሾ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«እስቲ ያችን ነጎድጓድ ያልሻትን ድገሚልኝ።» ደገምኩላት። በከንፈሯ ተከተለችኝ። «ይቺን ትሰጪኛለሽ። በሚመጣው ሳምንት ለቅሶ አለብኝ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ አርጅተው ነው ያረፉት፣ ዓይናቸውም ከጠፋ ቆይቷል። ልክ ይሆናቸዋል።»

«ለሽማግሌው?»

«ምነው? ያች የፈረሱም ትሆናቸዋለች። ለማንም ትሆናለች ልጄ፤ የሸጋ ሙሾ ምልክቱ ይኼ ነው።»

ከልቧ ነው ያመሰገነችኝ። እኔ ግን ክንዴን ከእጇ አላቀቅሁ። ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ በአልጋው ላይ ያረፈ፣ የኔን ወንድም ሙሾ ለብሶ ሊለቀስለት ነው፤ አንድ ክር እንኳ ሳያጥርበት ሳይረዝምበት።

ከጎተራው ጀርባ ሄድኩ። ጧት የጻፍኩበት ወረቀት በመቀነቴ ውስጥ ነበር፣ እርሳሱም። ተንበርክኬ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩትን እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አነበብኩ። የሚያስጠላ ሥራ ነው። የገዛ ድምፅን ከጎረቤት ቤት እንደመስማት ነው።

ጦርና ጋሻውን ሰረዝኩ። ይህ ቀላል ነበር፣ ውሸት ነውና። ፈረሱን ሰረዝኩ። ገደሉ ላይ ስደርስ ግን እርሳሴ ቆመ፤ ይህ ውሸት አይደለም፣ ሊማሊሞ በእርግጥ ውጦታል። ግን እማ ያለችው ትዝ አለኝ፦ በዚያ መንገድ ስንት ረዳት አለ። ገደሉ ስንቱን ውጧል። ይህ ስንኝ ስለ ገደሉ ነው እንጂ ስለ ፈንታ አይደለም። እውነት መሆኑ ብቻውን አላዳነውም። ሰረዝኩት። ደብተሬን ጥዬ መጣሁ ያልኩት ደግሞ ስለ ማን ነው? ስለ እኔ። በወንድሜ ለቅሶ ላይ «እኔን እዩኝ» እያልኩ ነበር።

የቀረችው የነጎድጓዷ ነበረች። እሷን መሰረዝ አልቻልኩም። ደጋግሜ አነበብኳት። እንዴት ያለች ቆንጆ ነበረች! ምናልባት እማ በደንብ አልሰማችኝ ይሆናል አልኩ። ምናልባት ቀስ ብዬ ብላት ኖሮ አልኩ። ከዚያ ፈንታ ሲቆጣ ያየሁበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። ፈንታ ሲቆጣ ዝም ነው የሚል፤ ጥፍሩን ነው የሚበላ። አንድ ቀን እንኳ ነጎድጓድ ሆኖ አያውቅም። ይህንንማ ሁልጊዜ አውቅ ነበር፤ ስገጥም ግን አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት ቃሉን ነው፣ «ከማን ጋር ትገጥማለህ?» ብዬ። ስንኙን ስሠራ ወንድሜ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ይህን ሳውቅ ነው ከመርዶው ወዲህ በደንብ ያለቀስኩት፤ ለእሱም ለራሴም። ሰረዝኳት። ወረቀቱ ላይ ምንም አልቀረም።

ውሻው አየኝና ማላዘኑን ተወ። ገመዱን ወጥሮ ወደኔ ሊመጣ ታገለ። ያን ጊዜ መጣልኝ፤ አልጻፍኩትም፣ መጻፍ አላስፈለገውም። ሁለት መስመር ነው። በለሆሳስ አልኩት፤ የሰማኝ ውሻው ብቻ ነው፣ ጆሮውን አቆመ።

ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ነገሩ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛ፣ ይህን በወንዶች ፊት ካልኩ ወንድሜን አዋርደዋለሁ፤ በሕይወት ቢኖር ፊቱን ሸፍኖ ይሸሸኝ ነበር። ሁለተኛው የባሰ ነው። የመጀመሪያው ሙሾዬ ባዶ ስለነበር እማን አልጎዳትም። ይኼኛው ግን ይደርሳል። ከደረሰ፣ የምትጠብቀው ልጅ የላትም። ያን ልጅ ከእጇ የምወስደው እኔ ነኝ፤ ገደሉም ሽማግሌዎቹም አይደሉም። ተነሥቼ ጎንደር መመለስ ቃጣኝ፣ በእውነት። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ለቅሶ ደራሾቹ ሰልፍ ሠርተው «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት፣ እሷ መንገዱን፣ የኮላ ድባን መንገድ፣ አንገቷን አስግጋ ታያለች። የእናቷ እኅት ታወሰችኝ።

ክቡ እንደገና ሲገጥም ሳልጠራ ገባሁ። እቴ ማንጠግቦሽ «ያችን ድገሚያት» አለችኝ ፈገግ ብላ። እማ ፊት ለፊት ቆምኩ። ደረቴን አልመታሁም፤ እጄን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም ነበር።

እማ፣ ልቀቂው ውሻሽን፣ ማሰር ምን ይረባሻል፣
ካጥር ማዶ ቆሞ ማን «ያዢው» ይልሻል።

ማንም አልተቀበለኝም። ሴቶቹ ተያዩ። ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ሳቅ ሲያመልጠው ሰማሁ፤ ሌላው «ምን አለች?» አለ። አያ ቢተው ዱላውን ከመሬት ነቀለ።

«አንቺ! ዝም በይ!»

ደገምኩት።

እማ ተነሣች። እኔን አላየችም። ቤቱን አየች፣ አጥሩን አየች፣ ውሻው ያለበትን ወገን አየች። ጆሮዋን አዘንብላ የምትሰማ መሰለች። ከዚያ አልጋው ላይ ያለውን ጃኬት ገና አሁን እንዳወጡት ሁሉ አየችው። ቀስ ብላ ሄዳ ክንዱን ያዘችው፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ፈንታ ነው እንዴ?» አለች። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ነበር። «እናንተ! ፈንታዬ ነው እንዴ የሞተው?»

 ከዚያ ከአፏ የወጣውን ድምፅ አልገልጸውም። ልገልጸው ሞክሬ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ሁሉንም ሰርዣለሁ። በጉልበቷ ወደቀች፣ ሴቶቹ ተረባረቡ፤ እቴ ማንጠግቦሽ ሙሾውን ትታ እንደማንኛዋም ሴት አለቀሰች። ፈረሱ ደንግጦ ገመዱን በጥሶ ሄደ፤ የሚከተለው አልተገኘም።

ከሰዓት በኋላ አያ ቢተው ከቤቱ ጥግ ያዘኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አሳፈርሽን። ወንድምሽን በአደባባይ ፈሪ አሰኘሽው። ይኼን ነው ጎንደር የሚያስተምሩሽ?»

«አስለቅሻት አላልከኝም?»

«እንዲህ አላልኩም!»

«አለቀሰችልህ።»

እጁን አነሣ፤ ግን አልመታኝም። እጁ እንደተነሣ ፊቱ ፈረሰና ወደ ግድግዳው ዞሮ ማልቀስ ጀመረ። እስከዚያ ድረስ እሱም አላለቀሰም ነበር፤ ፈረስ ሲዋስ፣ ጠመንጃ ሲዋስ፣ ሰው ሲያስተናግድ ጊዜ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም። ዛሬም ስገባ ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ነው የሚመልሰው።

እማ አልሸሸችም፣ መንገድ ለመንገድ አልጠበቀችም። ያ ዳነ። ሌላው ግን አልዳነም። ክረምት ከበጋ አለቀሰች፤ ፀጉሯ ነጣ፣ አንድ ቀን እንኳ በጎንደር መንገድ የሚመጣ ሰው ቀና ብላ አላየችም። አንዳንዴ አስባለሁ፤ ያ የሞኝ ተስፋዋ ቢቀርላት ምን ነበረበት? መልሱን አላውቅም። የማውቅ መስዬ ብጽፍላችሁ ሙሾ ይሆናል፣ የመጀመሪያው ዓይነት።

ጎንደር ተመልሼ የድሮ ግጥሞቼን አወጣሁና አነበብኳቸው። እያንዳንዱን «አንተ የማን ነህ?» እያልኩ። አብዛኞቹ መልስ አልነበራቸውም። ስለ እናት የጻፍኩት የማንም እናት ናት፤ ስለ ቀሐ ወንዝ የጻፍኩት ማንኛውም ወንዝ ነው፣ ቀሐ ክረምት ላይ የሚያመጣው ቆሻሻ እንኳ የለበትም። የአማርኛ አስተማሪያችን ጋ ሄጄ «መምህር፣ ተመለሽበት ያሉኝ ጊዜ ምን ማለትዎ ነበር?» ብላቸው፣ «ረሳሁት» አሉኝ። ረስተውታል፤ ለሁሉም ተማሪ ነው የሚሉት።

አንባቢዬ፣ ምናልባት አንተም ትጽፍ ይሆናል፤ አንቺም። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደስ ካላችሁ እዚያ ላይ ጠርጥሩ፣ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ሰው ሁሉ ከወደደው የበለጠ ጠርጥሩ። አንድ ሰው አለ፣ ነገሩ የሱ የሆነ፤ እሱ ሲሰማው ምን ይላል? «ማንን ነው የምትለው?» ካለ እርሳሳችሁን አንሡ። ይህን ስላወቅኩ ጥሩ ጸሐፊ ሆንኩ አልላችሁም። ዘገምተኛ ሆንኩ። የሚጨበጨብልኝ ቀነሰ። ጥሩዋን ስንኝ ስሰርዛት ዛሬም እጄ እምቢ ይለኛል፤ ስሰርዛት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው የተቀበረ ይመስለኛል።

ባለፈው ፋሲካ ቤት ነበርኩ። እማ ሽንብራ ትለቅማለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አላርፍ ብዬ ሣሩን እነቅላለሁ።

«ትርንጎ» አለችኝ ቀና ሳትል።

«እመት።»

«እኔ ስሞት አንቺ እንዳትገጥሚ።»

«ምነው እማ?»

«አንቺ እውነቱን ታወጪዋለሽ። ሌሎቹ ያልቅሱልኝ። ሰፊ ቤት ነበራት፣ ከብቷ በረት ይሞላል ይበሉኝ። በሬዎቼን ይጥሩልኝ።»

«እማ፣ ያለሽ እኮ አንድ በሬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። አንድ የነቀዘ ፍሬ አወጣችና ጣለች። «ቃል ግቢልኝ።»

እስካሁን አልገባሁላትም።